ጄኔሬተሩ የወጣ ዕለት

ማስታወቂያው እሑድ ጠዋት ሲነገር ኤልዳና ቆጣሪው ፊት ቆማ ለሻይ ምክንያት እየሰጠች ነበር።

«ውኃ ማፍያ፤ አንድ ሊትር፤ ቁርስ፤ ሁለት ሰው» አለች፣ እንደ ዘወትሩ በአንድ ትንፋሽ።

«ተቀባይነት አግኝቷል» አለ ቆጣሪው። ድምፁ ለስላሳና ትሑት ነው። «ክብርት ደንበኛ፣ የዘንድሮው የነሐሴ ዕረፍት በአንድ ሳምንት ቀድሟል። ከመጪው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ የመኖሪያ ቤቶች ኃይል ለሦስት ቀን ወደ ኮምፒዩተር የስሌት አዳራሾች ይሄዳል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ኤልዳና ባዶ ኩባያውን አስቀመጠች። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ዛሬ አሥራ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሐሙስ አሥራ ዘጠኝ ይሆናቸዋል፤ ቅዳሜ ሃያ አንድ፣ የሚፈለፈሉበት ቀን። ደግማ ብትቆጥርም ያው ነው። መብራቱ የሚሄደው ልክ በዚያች በማትሆን ሰዓት ነው።

ሥልሳ አራት እንቁላል ጓዳ ውስጥ፣ መፈልፈያው ሆድ ውስጥ ተኝቷል። ከዝዋይ ሐይቅ ደሴት፣ የዶሮ በሽታው ፈንግል ውኃ ተሻግሮ ካልደረሰበት ቦታ፣ በጭድ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ያመጣችው ነው። ቢሾፍቱ ውስጥ፣ በእነሱ ሰፈር፣ ዶሮ ከጮኸ አራት ዓመቱ ነበር። ዶሮ ሲባል ተነጭቶና ተጠቅልሎ የሚመጣውን ብቻ የሚያውቁ ልጆች አድገው ትምህርት ቤት ገብተዋል። እነዚህ ሥልሳ አራቱ ከቀዘቀዙ ሌላ የሉም፤ የደሴቱ ሰዎችም ሁለተኛ እንደማይሰጡ ነግረዋታል።

ዘመኑ 2077 ነው። ኤልዳና፣ ሄመን፣ ሶፎንያስ የሚሉት ስሞች የአሮጊትና የሽማግሌ ስም ከሆኑ ቆይተዋል። ኤልዳና ራሷ ሥልሳ ዓመቷ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ለቆጣሪ ምክንያት ስትሰጥ ኖራለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። ካውያ ከሆነ የሚተኮሰው ልብስ የት እንደሚለበስ ይነገራል። አምፖል ከሆነ ከሥሩ ምን እንደሚሠራ ይነገራል። ባሏ ያብሥራ አንድ ጊዜ ራዲዮ ሊከፍት ሲል ምክንያቱን «ደስ ብሎኝ ነው» ብሎ ተከልክሏል፤ ደስታ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የየቤቱ ምክንያት ደግሞ በየሳምንቱ ሰኞ በመንገዱ ጥግ ባለው ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ሰው እየቆመ ያነበዋል፣ ይተዛዘባል።

ዶሮ መፈልፈልም ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ኤልዳና መፈልፈያውን የሰካች ዕለት ትንሽ ዋሽታለች። «ማሞቂያ፤ የታመመ ሰው» አለች። ቆጣሪው ምሕረት ተመኝቶ ፈቀደ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ «ያብሥራ እንዴት አደረ?» ይላታል፤ እሷም «ደህና ነው፣ ምን ይላል» እያለች ታልፋለች። ያብሥራ ሰባ ዓመቱ ቢሆንም በሬ የመሰለ ጤነኛ ነው። ለሁለት ሳምንት ግን ከደጅ ሲወጣ ትከሻውን አጉብጦ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ቀስ ብሎ እንዲራመድ ተፈርዶበታል።

«እኔ ልቀመጥባቸው?» አለ ያብሥራ፣ ወሬውን ሲሰማ። «ከታመምኩ አይቀር ሥራ ልያዝ።»

«አትቀልድ» አለችው። እሱ ግን ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ተወና አጠገቧ ተቀመጠ።

የቤት ኃይልን በባትሪ ማከማቸት ከተከለከለ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጄኔሬተርን የከለከለ የለም፤ ያለው ሰው ስለጠፋ መከልከሉ ትዝ ያለውም የለም። በሰፈሩ አንድ ብቻ አለ። እሱም የእድሩ ነው።

እድሩ ድንኳን አለው፤ አግዳሚ አለው፤ ድስትና ሰሐን አለው። ቀብር ያለ ዕለት ከዚህ ሁሉ በፊት የሚወጣው ግን ጄኔሬተሩ ነው። ጡሩምባ ነፊው ከሞቱ ወዲህ ሌላ ጡሩምባ ነፊ አልተተካም፤ ማሽኑ ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነጠላውን ይፈልጋል። የሚነደውም ነዳጅ አይደለም፤ አባላቱ በየወሩ እያጠራቀሙ በሚያመጡት ያገለገለ የምግብ ዘይት ነው የሚሠራው። ጭሱ የሚሸተው የቦንቦሊኖ መጥበሻ ነው። የሰፈሩ ልጆች የትም ቦታ ቦንቦሊኖ ሲሸታቸው «ማን ሞተ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ኤልዳና ሻዩን ሳትጠጣ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ሶፎንያስ ቤት ሄደች። አቶ ሶፎንያስ ደንብ ወዳጅ ናቸው። እድሩን ሃያ ዓመት ሲመሩ አንድ ማንኪያ ጠፍቶባቸው አያውቅም፤ ሰው ሲያመሰግናቸውም ይህንኑ ማንኪያ እያነሣ ነው።

«ጄኔሬተሩን ፈልጌ ነው፣ አቶ ሶፎንያስ።»

ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ያብሥራ እንዴት ሆነ?»

«እሱስ ደህና ነው። አልታመመም» አለችና እውነቱን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

አቶ ሶፎንያስ ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደንቡን ከመሳቢያ አወጡ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ጄኔሬተሩ ከመጋዘን የሚወጣው ለሞት ብቻ ነው ይላል። እኔ አላልኩም፤ ደንቡ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። እኔ ዘንድ ግን የሚወለድ ነው ያለው።»

«ስለሚወለድ የሚል የለበትም» አሉ። ገለጡ፣ መለሱ፣ ደግመው ገለጡ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «እውነት የሐበሻ ዶሮ ናቸው?» ብለው ጠየቋት።

«ገብስማ አለበት፣ ወሰራ አለበት። እናቶቻቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ሃያ ዶሮ ነበራቸው፤ ፈንግሉ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ነው የጠረገው። ስለዚህ ነገር ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ አሁንም አልተናገሩም። «አንቀጽ ዘጠኝ፣ ማሽኑ እንዳይዝግ በየወሩ ይሞከር ይላል» አሉ በመጨረሻ። «ሙከራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አይልም። የትኛው ቤት እንደሚሞከርም አይልም።»

ኤልዳና ጉልበታቸውን ልትስም ስትል እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ። አንድ ነገር አለ። ሶኬት ላይ ሰክተሽ አይሆንም። በዕረፍቱ ሦስት ቀን የመሥመር ሠራተኞቹ ምሰሶ ላይ ናቸው። ካንቺ ቤት የወጣ ኃይል ወደ ኋላ ሄዶ አንዱን ቢያገኘው፣ ያኔ ጄኔሬተሩ በእውነትም ለቀብር ይወጣል። ናሆም ፓኔልሽን ቀይሮ፣ ፈርሞ ካላመጣልኝ አልሰጥሽም።»

ናሆም የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አርባ አምስት ዓመቱ፣ ነገር ሲጀምር ማፏጨት የሚወድ ሰው። ማክሰኞ መጥቶ የኤልዳናን አሮጌ ፊውዝ ሳጥን ከፈተና ፉጨቱን አቆመ። ሽቦዎቹ ከኤልዳና እናት ዘመን ናቸው፤ ሁለቱ ላይ የጥፍር ቀለም ምልክት አለ።

«እትዬ፣ ይህ ሳጥን አይደለም፤ ቅርስ ነው» አላት።

«ይሆናል ወይስ አይሆንም?»

«ይሆናል። ከቆጣሪው በኋላ ያለው ሽቦ የባለቤቱ ነው የሚለውን ሕግ እስካሁን የሻረው የለም። ረስተውት ይመስለኛል፤ ሳያስታውሱት እንጨርስ።»

ረቡዕ ጠዋት አዲሱን ፓኔል ተሸክሞ መጣ። ነጭ ብረት ነው፤ ስድስት ብሬከር በሰልፍ ቆመውበታል። ከጎኑ ጥቁር እጀታ ያለው ቼንጅ ኦቨር አለ። እጀታው ወደ አንድ ሲዞር ቤቱ ከመሥመር ይበላል፤ ወደ ሁለት ሲዞር ከጄኔሬተር፤ መሐል ላይ ዜሮ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም። ኤልዳና እጀታውን ነካ አደረገችው። ቀዝቃዛና ጠንካራ ነበር። የሚናገርበት ቀዳዳ ቢኖረው ብላ ዙሪያውን ፈለገች።

«ይሄ ምን ይጠይቃል?» አለች።

«ምንም። እጅ ብቻ።»

ይህን መልስ ወደደችው። ቀኑን ሙሉ «እጅ ብቻ» እያለች ለራሷ ስትደግመው ያብሥራ ሰምቶ ሳቀባት።

ሥራው የቤቱን ኃይል ማጥፋት ይጠይቃል። ናሆም «ግማሽ ሰዓት» አለ። ኤልዳና አስቀድማ ያፈላችውን ውኃ በጠርሙስ ሞልታ መፈልፈያው ውስጥ ደረደረች፤ በላዩ ላይ ሁለት ጋቢ ከደነችበት። ናሆም ሽቦውን ከቆጣሪው ለየ።

«ክብርት ደንበኛ፣ ቤትዎ ባዶ ሆኖ ይታየኛል» አለ ቆጣሪው። «ምክንያት?»

«ጥገና» አለ ናሆም ከመሰላሉ ላይ።

«የምን?»

«የእርጅና።»

ቆጣሪው መዘገበ። «ተቀባይነት አግኝቷል። ፈጣሪ ያበርታዎት።»

ግማሹ ሰዓት አለፈ። ፓኔሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ሽቦው ተስተካክሎ ገብቶ፣ የቀረው ኧርዙ፣ ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ ብቻ ነበር። የመዳብ ዘንጉ ግን አንድ ክንድ ገብቶ ቆመ። የቢሾፍቱ መሬት ከሥሩ ቀይ አሽ፣ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው፤ ውኃ አይዝም፣ ኃይልም አይውጥም። ናሆም በመለኪያ ለካው፣ ራሱን ነቀነቀ። ዘንጉን ነቅሎ በሌላ ቦታ መታው። ያም ቆመ።

«ያለ እሱ አይሆንም?» አለ ያብሥራ፣ መዶሻውን ይዞለት።

«ያለ እሱ አልፈርምም፣ ጋሼ። አንድ ነገር ቢበላሽ ብረቱን የነካ ሰው ነው መሬት የሚሆነው።»

አርባ አምስት ደቂቃ ሆነ። ኤልዳና ጋቢውን ገለጥ አድርጋ እጇን አስገባች። ሙቀቱ እየሸሸ ነበር። የመፈልፈያው መለኪያ ሠላሳ አራት ይላል፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል መሆን ነበረበት። ወደ ጓሮ ስትሮጥ ያብሥራን ጋቢውን ጥሎ፣ በሽታውን ረስቶ፣ ጉድጓድ እየቆፈረ አገኘችው።

«ከሰል አለ?» አላት ናሆም። «ጨውስ? መሬቱ ኃይል እንዲውጥ።»

ግማሽ ጆንያ ከሰል ነበራት። ጨው ስትፈልግ የጓዳውን ጨው ሁሉ አመጣች፤ የምትበላውንም አላስቀረችም። ናሆም ከሰሉን ፈጭቶ ከጨው ጋር አንድ ረድፍ፣ አፈር አንድ ረድፍ እያለ ዘንጉ ዙሪያ ሞላና ሁለት ባልዲ ውኃ አፈሰሰበት። ሦስቱም ጉድጓዱ ዙሪያ ቆመው መሬቱ ሲጠጣ አዩት። ናሆም እንደገና ለካ። ከዚያ ማፏጨት ጀመረ፤ ኤልዳናም ማፏጨቱን ስትሰማ ተቀመጠች።

በሰዓት ከአምስት ደቂቃው የቤቱ ኃይል ተመለሰ። ኤልዳና ጓዳውን አጨለመችና አንድ እንቁላል አንሥታ በባትሪ መብራት አየችው። ውስጡ የሆነ ነገር ንቅንቅ አለ። ሌላ አነሣች። ያም ንቅንቅ አለ። ሦስተኛውን አላነሣችም፤ ዓይኗ እንባ ስለሞላ አይታያትም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ሶፎንያስ ጄኔሬተሩን ራሳቸው በጋሪ ገፍተው አመጡት። መዝገባቸው ላይ «ሙከራ» ብለው ጻፉ፤ ስለ ሰዓቱ ምንም አልጻፉም። የናሆምን ፊርማ ሁለቴ አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ሥራ አለብኝ፣ እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ። በችኮላ አንዲት ነገር ረሱ። ማሽኑ በሚሞከርበት ቀን አስቀድሞ በሰፈሩ ይነገራል፤ ይህን ሳያደርጉ ያሳለፉት ወር አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ቆጣሪው «መልካም ዕረፍት» አለና ዝም አለ። ፍሪጁ ዝም አለ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ፣ ቤት በቤት፣ ዝም አለ። ናሆም ጓሮ ውስጥ ማሽኑን አስነሣ፤ ድምፁን እስኪያስተካክል ጠበቀና በመስኮት ራሱን ነቀነቀላት።

ኤልዳና እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዜሮ፣ ከዜሮ ወደ ሁለት አዞረችው። ጓ አለ። የሳሎኑ መብራት በራ። መፈልፈያው ማጉረምረም ጀመረ። ማንም ምንም አልጠየቃትም።

የመኝታ ቤቱን አበራች፤ የሚሠራ ነገር አልነበረባትም። የመታጠቢያ ቤቱን አበራች። በቀትር የደጁን አምፖል አበራችና ወጥታ አየችው። ልቧ እየዘለለ ነበር፤ እንደ ልጅነቷ መሮጥ አማራት፤ ከሳሎን እስከ ጓዳም በእርግጥ ሮጠች። ያብሥራ በበኩሉ ራዲዮውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ያስቀመጠውን የጢም መላጫ ማሽን ከሣጥን አውጥቶ ሰካ። «ምክንያት?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«ደስ ብሎኝ ነው» አላት፣ ማሽኑን ጉንጩ ላይ እያስኬደ።

የመጀመሪያው ለቅሶ የተሰማው ያኔ ነው።

«ወንድሜ ያብሥራ! ወንድሜን!» የሚል ድምፅ ከበሩ ገባ። የግድግዳ ጎረቤታቸው ሄመን ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች። ከኋላዋ አምስት ሴቶች አሉ፤ ከእነሱ ኋላ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰሌዳው ላይ «የታመመ ሰው» ሲያነቡ ከርመው፣ በዕረፍቱ ጸጥታ ውስጥ የእድሩ ጄኔሬተር ሲነሳና ቦንቦሊኖ ሲሸታቸው ሌላ ምን ያስቡ? ወንዶቹ ድንኳኑን ከመጋዘን አውጥተው መጥተዋል። አንዷ ንፍሮ ጥዳ ነበር፤ እንፋሎቱ ሳይጠፋ ተሸክማው መጥታለች።

ኤልዳና አፏን ያዘች። ልትናገር ስትል ሄመን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ» እያለች አላናግር አለቻት። ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል ያብሥራ ብቅ አለ፤ ግማሽ ጉንጩ የተላጨ፣ ግማሹ ያልተላጨ።

«ማን ሞተ?» አለ።

ራዲዮው ብቻ ይዘፍናል። ሄመን ከኤልዳና አንገት ተላቃ ያብሥራን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ ሁለት ጊዜ ትከሻውን መታችው። ሦስተኛውን ልትመታ ስትል አቀፈችውና እንደገና አለቀሰች። በዚህኛው ለቅሶ ውስጥ ሳቅ ነበረበት።

አቶ ሶፎንያስ እያለከለኩ ደረሱ። ሕዝቡን ሲያዩ፣ ድንኳኑን ሲያዩ፣ የረሱት ነገር ገባቸው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ሳላስነግር...»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች ኤልዳና። «ያላችሁን በሉኝ። ግን መጀመሪያ ኑና እዩ።»

ጓዳው ሁሉንም አይዝም። በሦስት በአራት እየሆኑ ገቡ። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ እንቁላል ነው። ሄመን ግን ጆሮዋን ወደ መፈልፈያው መስተዋት አስጠግታ ቆየችና እጇን አነሣች። ዝም ተባለ፤ ራዲዮው ተዘጋ። ከቅርፊቱ ውስጥ፣ ገና ሳይሰነጠቅ፣ ጪው ጪው የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ሌላ መለሰለት። ደጅ ያሉት «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ተጠባበቁ፤ ወሬውም ከአፍ ወደ አፍ እስከ መንገዱ ጥግ ሄደ።

ድንኳኑን ማንም አላፈረሰውም። ሰው ለሦስት ቀን ሊቀመጥ መጥቶ ነበር፤ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ንፍሮው ተበላ። ካርታ ተጫወቱ። የእድሩ ዘይት የሚበቃው ለአንድ ቀብር ስለሆነ ዓርብ ረፋድ ላይ ማሽኑ ማስነጠስ ሲጀምር ናሆም ከጓሮ ወጥቶ «ዘይት» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዶ ያለውን ዘይት ይዞ መጣ፤ ያገለገለውን ብቻ አይደለም፣ ያልተከፈተውንም ጭምር። ሄመን ለልጇ ልደት ያስቀመጠችውን ጀሪካን አመጣች። አቶ ሶፎንያስ በማንኪያ ሳይለኩ ያፈሰሱት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥልሳ አራቱ አርባ ሰባቱ ወጡ። ርጥብ ነበሩ፣ ተጠማዝዘው ነበር፣ ለዓይን የሚስቡ አልነበሩም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ደርቀው ተነፉና የተዘጋጀላቸውን ካርቶን ሞሉት። የሰፈሩ ልጆች በተራ ገብተው አዩ፤ አንዷ «ላባቸው የት ተገዛ?» ብላ ጠየቀች። አቶ ሶፎንያስ አንዱን በመዳፋቸው ይዘው ለብዙ ጊዜ ቆሙ። ናሆም በዚያው ድንኳን ውስጥ ፓኔላቸውን እንዲቀይርላቸው የጠየቁትን አሥራ አንድ ሰው መዝግቦ ወጣ።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ፍሪጆች በየቤቱ ማንቋረር ጀመሩ። ኤልዳና እጀታውን ወደ አንድ መለሰችው። ናሆም ማሽኑን አጠፋ። ጫጩቶቹ ገና ሙቀት ይፈልጋሉና ማሞቂያውን ሰካችላቸው።

«እንኳን ደህና ቆዩ፣ ክብርት ደንበኛ» አለ ቆጣሪው። «ለሦስት ቀን ማሞቂያ አላበሩም። በሽተኛው እንዴት ናቸው?»

«ተላጭቷል» አለች ኤልዳና።

«አሁን አዲስ ማሞቂያ ይታየኛል። ምክንያት?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደችው መልስ ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው። ካርቶኑን አንሥታ ቆጣሪው ጆሮ ሥር አስጠጋችና አንዱን ገብስማ ጫጩት በጣቷ ነካ አደረገችው። ጫጩቱ ጮኸ።

«ምክንያቱ አልተሰማም» አለ ቆጣሪው። «እባክዎ ይድገሙት።»

አርባ ሰባቱም ደገሙለት።